ድማሚት ሲፈነዳ አርማታችን እንዳይጎዳ፦ ጎንደር ላይ ሳይት ላላችሁ

ጎንደር ላይ መሠረት አስቆፍሮ የሚያውቅ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ላይ ላዩን ትንሽ አፈር ይነሳና ከስር ጥቁሩ ባሳልት ይመጣል፣ ድጅኖው እሳት እየተፋ ይመለሳል፣ ብሬከር ተከራይታችሁ ቀኑን ሙሉ ሲያንኳኳ ውሎ አንድ ገልባጭ መኪና እንኳ አይሞላም። ከዛ ድማሚት ይታሰባል። ግን ጎረቤት ትላንት ኮለን ሞልቷል፣ ከጀርባ የጭቃ ቤት አለ፣ ከፊት ብሎኬት ላይ ልስን እየተመታ ነው፣ ሁሉም ደግሞ አንድ ድንጋይ ላይ ነው የቆመው።

ይሄን የምጽፈው አንድ ቀን ስላቃጠለኝ ነው። ማራኪ በኩል አንድ ሳይት ላይ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ፉቲንግና የኮለን እግር ሞልተን ጨርሰን ገባን፣ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አጠገባችን ያለው ሳይት 25 ሜትር ርቀት ላይ አፈነዳ፣ ማንም አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። አርማታው 16 ሰዓቱ ነበር። ላዩ ሲታይ ምንም የለውም። ጎንበስ ብዬ የፌሮውን እግር ሳይ ግን ዙሪያውን ፀጉር የምታክል ክፍተት ነበረች፣ ፌሮው ከአርማታው ተላቆ ቀለበት ሰርቷል፣ በጣት ሲነካ ይነቃነቃል። 4 ኮለን እግር አፍርሰን ደግመን ሞላን። አንድ ስልክ ቢደወል ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር፣ ድማሚቱን የሚሞላውና የሚያፈነዳው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ብቻ ነው፣ የፀጥታ አካላትም ሳያውቁት አይነካም። እዚህ የምጽፈው ለሳይት ኢንጂነሩ፣ ለፎርማኑና ለባለቤቱ ነው፣ ከባለሙያው ጋር ተቀምጣችሁ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁና አርማታችሁን እንዴት እንደምትጠብቁ።

1. ምን እንደምትለኩ እወቁ

ሰው የሚፈራው ድምፁን ነው፣ ሕንፃውን የሚጎዳው ግን በአብዛኛው መሬቱ የሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ነው። በሳይት ቋንቋ ፒፒቪ ይባላል፣ መሬቱ ወዲህ ወዲያ ሲል የደረሰበት ከፍተኛ ፍጥነት ማለት ነው፣ የሚለካውም በሚሊ ሜትር በሰከንድ። ሁለተኛው ነገር ፍሪኩዌንሲ ነው፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተርገበገበ፣ በሄርዝ። ጠንካራ ድንጋይ ላይ በቅርብ ርቀት ሲፈነዳ ንዝረቱ ፈጣን ነው፣ ከ40 ሄርዝ በላይ ይሆናል፣ ቤት ብዙም አይከተለውም። አዘዞ በኩል እንዳለው ወፍራም ዋልካ አፈር ላይ ግን ንዝረቱ እየዘገየ ይመጣል፣ ዝቅተኛ ቤቶች ደግሞ ራሳቸው ከ4 እስከ 12 ሄርዝ አካባቢ ነው የሚወዛወዙት፣ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ቤቱ ከመሬቱ በላይ ይወዛወዛል። ስለዚህ ላይ ጎንደር ድንጋይ ላይ የሠራላችሁ መጠን አዘዞ ሜዳ ላይ እንዳለ አይሠራም።

2. ልኩን ከባለሙያውና ከአማካሪው ጋር በወረቀት ተስማሙ

ብዙ ቦታ የሚጠቀሰው የጀርመኑ የሕንፃ ንዝረት ደረጃ፣ ዲን 4150 ክፍል 3 ነው። መሠረት ላይ ሲለካ ፍሪኩዌንሲው ከ10 ሄርዝ በታች ከሆነ ለኢንዱስትሪና ለጠንካራ ሕንፃ 20፣ ለመኖሪያ ቤት 5፣ ለቅርስና በቀላሉ ለሚጎዳ ግንባታ 3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ይላል። ፍሪኩዌንሲው ከ50 እስከ 100 ሄርዝ ሲሆን ከፍ ይላል፣ ለጠንካራው ከ40 እስከ 50፣ ለመኖሪያው ከ15 እስከ 20፣ ለቅርሱ ከ8 እስከ 10። የአሜሪካ ማዕድን ቢሮ በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደግሞ ለመኖሪያ ቤት ከ40 ሄርዝ በላይ 50 ይፈቅዳል፣ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ለአሮጌ ልስን ቤት 12.7 ላይ ያቆማል።

የጠነከረ አርማታ ራሱ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ ይሄን በሒሳብ እዩት። ሞገዱ በአርማታ ውስጥ በሰከንድ 3500 ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል፣ ፒፒቪው 50 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ቢሆን 0.05ን ለ3500 ስታካፍሉ የሚመጣው መለጠጥ ከሚሊዮን 14 እጅ ነው፣ አርማታ ሲሳብ የሚሰነጠቀው ደግሞ ከሚሊዮን 100 እጅ አካባቢ ላይ ነው። የጎንደርን ጥር አስቡት፣ ቀን 27 ዲግሪ አካባቢ ሌሊት 11 አካባቢ፣ አርማታ በ1 ዲግሪ ልዩነት ከሚሊዮን 10 እጅ ያህል ይለጠጣል ይኮማተራል፣ 16 ዲግሪው 160 እጅ ይሆናል ማለት ነው፣ ዳርና ዳሩ ታስሮ መንቀሳቀሻ ካጣ ፀሐይና ብርድ ብቻቸውን ከዛ ፍንዳታ በላይ ይሠራሉ። ይሄ ሒሳብ የሚያልፈውን ሞገድ ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ቀጭን ግድግዳ ወይ ረጅም ሶሌታ ሲወዛወዝ የሚጨመረውን አያሳይም፣ ስለዚህ 50 ለሁሉም ይሆናል ብላችሁ አትሂዱ።

3. የአርማታውን ዕድሜ በሰዓት ቁጠሩ

ዋናው እዚህ ጋ ነው። አርማታ ከሚክሰር ወርዶ የመጀመሪያዎቹ 2 ወይ 3 ሰዓታት ገና ፈሳሽ ነገር ነው፣ እኛው ራሳችን ቫይብሬተር ከተን እንነቀንቀው የለ? ያን ጊዜ መንቀጥቀጥ ቢመጣ ተመልሶ ይገጥማል። መጥፎው ጊዜ ከዛ በኋላ ነው፣ መያዝ ሲጀምር። ፈሳሽነቱ ሄዷል፣ ጥንካሬው አልመጣም፣ የተላቀቀ ነገር ተመልሶ አይያያዝም። ከ3ኛው ሰዓት እስከ 24ኛው ሰዓት ያለውን እኔ የተዘጋ ሰዓት እለዋለሁ፣ በ100 ሜትር ውስጥ ምንም እንዲፈነዳ አልፈልግም፣ የግድ ከሆነም ከ5 ሚሊ ሜትር በሰከንድ አይበልጥም።

ከዛ በኋላ እኔ በሳይቴ የምሄድበት እንዲህ ነው፦ ከ1 እስከ 3 ቀን 15፣ ከ3 እስከ 7 ቀን 25፣ ከ7 ቀን በኋላ 50 ሚሊ ሜትር በሰከንድ። ይሄ ሆን ተብሎ ጠበቅ የተደረገ ነው። ለግድብና ለትልልቅ መሠረት የወጡ ልኮች ከ10 ቀን ላለፈ ወፍራም አርማታ በቅርብ ርቀት እስከ 500 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ድረስ ይፈቅዳሉ፣ ያ ግን ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ግዙፍ አርማታ ነው፣ የኛ ደግሞ 25 በ40 ኮለን ላይ የቆመ፣ ብሎኬት የተደረደረበት ነው።

ሁለት ነገር ሰዓቱን ያራዝመዋል። አንደኛው ብርድ ነው፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ከመሸ የተሞላ አርማታ ቶሎ አይይዝም፣ 24 ሰዓቱን 36 አድርጉት። ሁለተኛው ሲሚንቶው ነው፣ ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከኦፒሲ (ከተራው ፖርትላንድ ሲሚንቶ) ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንካሬ የሚያገኘው በዝግታ ነው፣ ከረጢቱ ላይ የጥንካሬ ደረጃው 32.5 ይሁን 42.5 አንብቡ፣ ፒፒሲ ከሆነ ከላይ ያሉትን ቀናት አንድ ደረጃ አዘግዩአቸው። ዕድሜ ብቻ አይቶ ከመወሰን ከአርማታው የተወሰደ ኩብ ናሙና አስጨምቃችሁ ጥንካሬውን ማየት ይሻላል።

የማደርገው ቀላል ነገር አለ፣ ሳይት ቢሮ በር ላይ አንድ ካርቶን ለጥፌ በማርከር ምን እንደተሞላ፣ በስንት ሰዓት እንዳለቀ፣ የተዘጋው ሰዓት መቼ እንደሚያልቅ እጽፋለሁ። ድማሚት የሚያፈነዳው ልጅ መጥቶ ያነበዋል። የጎረቤት ሳይት ካለም ፎርማኑን ስልኩን ተቀበሉ፣ ልትሞሉ ስትሉ ደውሉለት፣ ሊያፈነዳ ሲልም ይደውልላችሁ፣ አደራ።

4. በአንድ ቅጽበት ስንት ኪሎ እንደሚፈነዳ አስሉ

ሰው ሲከራከር የምሰማው "ዛሬ 60 ኪሎ አፈነዱ" ነው። 60 ኪሎው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ድማሚት የተሞሉት ጉድጓዶች በየተራ በሚሊ ሰከንድ ልዩነት ከፈነዱ ንዝረቱን የሚወስነው በአንድ ዲሌይ፣ በአንዴ ማለት ነው፣ የሚፈነዳው ኪሎ ነው። የድሮው ደንብ በ8 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የፈነዳውን ሁሉ እንደ አንድ ይቆጥራል። የተለመደው የዲሌይ ማፈንጃ ራሱ ከሰዓቱ ትንሽ ይቀድማል ትንሽ ይዘገያል፣ ስለዚህ ቤት ቅርብ ሲሆን በጉድጓድና በጉድጓድ መሃል 25 ሚሊ ሰከንድ ይኑር በሉት።

ቀመሩ ይሄ ነው። ርቀቱን በሜትር ውሰዱ፣ የአንድ ዲሌይ ኪሎውን ስኩዌር ሩት አውጡለት፣ ርቀቱን በሱ አካፍሉት፣ የወጣው ቁጥር የተመዘነ ርቀት ይባላል። ፒፒቪ ማለት 1140 ሲባዛ በተመዘነው ርቀት ወደ ኔጌቲቭ 1.6 ነው። 1140 እና 1.6 የአውስትራሊያው ደንብ ነፃ ፊት (ድንጋዩ ተሰብሮ የሚሄድበት ክፍት ጎን) ላለው ፍንዳታ እንደ መነሻ የሚሰጣቸው ቁጥሮች ናቸው፣ የእናንተን ድንጋይ ቁጥር ራሳችሁ ለክታችሁ እስክታገኙ ብቻ ነው የሚያገለግሉት።

አስልቼ ላሳያችሁ። ልኩ 10 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው እንበል። 1140 ለ10 ሲካፈል 114፣ እሱ ወደ 1 ለ1.6 ሲነሳ 19.3 ይመጣል፣ የተመዘነ ርቀታችሁ ከ19.3 ማነስ የለበትም ማለት ነው። ቤቱ 40 ሜትር ላይ ከሆነ 40 ለ19.3 ተካፍሎ 2.07፣ ራሱን በራሱ ስታባዙት 4.3 ኪሎ፣ በአንድ ዲሌይ ከዛ በላይ አይፈነዳም። ቤቱ 20 ሜትር ላይ ከሆነ 1.07 ኪሎ ብቻ፣ 80 ሜትር ላይ ከሆነ 17 ኪሎ። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ኪሎው ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ይሄን ብቻ ብትይዙ ብዙ ነገር ይድናል። ጉድጓዱ ድማሚት ተሞልቶ ክርክር ከመምጣቱ በፊት ይሄን ማስላት ስልካችሁ ካልኩሌተር ላይ 2 ደቂቃ አይፈጅም።

የመጀመሪያውን ፍንዳታ ደግሞ ካሰላችሁት በግማሽ ጀምሩ፣ ለኩ፣ ከዛ ጨምሩ።

5. ከማፈንዳታችሁ በፊት የሰዉን ቤት ግቡና እዩ

ይሄን ዘለው የሚያፈነዱ አሉ፣ በኋላ ቀበሌ ለቀበሌ ይንከራተታሉ። ቢያንስ በ100 ሜትር ውስጥ ያለውን ቤት ሁሉ ከባለቤቱ ጋር ዞራችሁ ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱን ስንጥቅ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ወይ የ1 ብር ሳንቲም አስደግፋችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ።

አንዴ አንዲት እናት ቤት ገብተን ሳሎናቸው ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣራው የሚሄድ ስንጥቅ አሳዩኝ፣ "ልጄ ይቺ በናንተ ነው የመጣችው" አሉኝ፣ ገና አንድም አላፈነዳንም ነበር። "እማማ ቀረብ ብለው ይዩልኝ" ብዬ የስልኬን መብራት አበራሁላቸው። ስንጥቁ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ገብቶ ደርቋል፣ ቤቱ ከመቀባቱ በፊት የነበረ ነው ማለት ነው፣ ጫፎቹ ተሸርፈው ለስልሰዋል፣ መሃል ላይ የሸረሪት ድር ከነአቧራው አለ። አዲስ ስንጥቅ ጫፉ ስለት ነው፣ ውስጡ ንጹህ ነጣ ያለ ይሆናል፣ ስሩ ወለሉ ላይ የልስን ዱቄት ታገኛላችሁ። ቀለሙን ሲያዩ "እውነትህን ነው፣ በሁለተኛው ልጄ ሰርግ ነው የተቀባው" አሉኝ፣ ቡና ተፈላ። ከዛ ስንጥቁ ላይ ቀጭን የጀሶ ማኅተም መታንበት፣ ቀኑን ጻፍንበት፣ ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰነጠቃልና ለሳቸውም ለኛም ምስክር ነው። የፎቶውን ኮፒ ሰጠናቸው።

ሰዓቱን ቀድማችሁ አሳውቁ፣ በዕድር በኩል ከተነገረ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ለቅሶ ቤት ካለ አታፈንዱ። በጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

6. ንዝረቱን ከምንጩ ቀንሱ

ባለሙያውን እነዚህን ጠይቁት። ነፃ ፊት አለው ወይ? ድንጋዩ ወደ ክፍት ቦታ መሄጃ ካላገኘ ጉልበቱ ሁሉ ወደ መሬት ይገባል፣ ጠባብ የመሠረት ጉድጓድ ውስጥ የመጀመሪያዋ የድማሚት ጉድጓድ ሁልጊዜ መጥፎዋ ናት፣ ስለዚህ መጀመሪያ መሃል ላይ በብሬከር ቀዳዳ ክፈቱላት። ጉድጓዱ ከፊቱ ካለው ነፃ ፊት በጣም ርቆ ከተቆፈረም እንደዛው ነው፣ ድማሚቱ ስላነሰ ንዝረቱ ያንሳል ማለት አይደለም፣ ድንጋዩን መስበር ያቃተው ድማሚት መሬቱን ነው የሚነቀንቀው።

ከየት ይጀምራል? ከቤቱ አጠገብ ጀምሮ ወደ ሩቁ ይሂድ። ጉድጓዱ በአንድ ዲሌይ ከተፈቀደው በላይ የሚይዝ ከሆነ ወይ ጠበብና አጠር ያለ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ወይ መሃሉ በጠጠር ተለይቶ ከላይና ከታች በተለያየ ዲሌይ ይፈንዳ። የጉድጓዱ አፍ በደቃቅ ዱቄት ሳይሆን ጠርዝ ባለው ጠጠር ይደፈን፣ ዱቄቱ ተፍቶት ይወጣል።

ብዙ ሰው በቤቱና በፍንዳታው መሃል ቦይ ብንቆፍር ይቆማል ይላል። አይቆምም። ሞገዱ በሰከንድ 1000 ሜትር እየሄደ 30 ሄርዝ ቢሆን ርዝመቱ 33 ሜትር ነው፣ 2 ሜትር ቦይ ለሱ ምንም አይደለም። ቦይ ለመቆፈር የምታወጡትን ብር ለመለኪያ አውሉት።

ነባር መሠረት አጠገብ የመጨረሻውን 1 ሜትር እኔ በፍጹም አላስፈነዳም፣ በብሬከር ወይ በሚያብጥ ዱቄት ነው የማስወጣው። ዱቄቱ ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ተበጥብጦ ይፈሳል፣ በአንድ ቀን ውስጥ ያብጥና ድንጋዩን ዝም ብሎ ይሰነጥቀዋል፣ ውድ ነው፣ ቀስ ይላል፣ ንዝረት ግን የለውም። ፋሲል ግቢ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ ከሆናችሁ ሥራው ሁሉ በዚህ ይሁን፣ ግንቡ በኖራ የተያያዘ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋይ ነው፣ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ የቅርስ ባለስልጣን ሳያውቀው እዛ አካባቢ መሬት መንካት ራሱ ትክክል አይደለም። ለ3 ሚሊ ሜትር በሰከንድ 200 ሜትር ርቀት ላይ እንኳ በቀመሩ 24 ኪሎ አይሞላም።

7. መለኪያውን በትክክል ትከሉ

መለኪያው ሳይስሞግራፍ ይባላል፣ በሦስት አቅጣጫ የሚለካ ጂኦፎንና ለአየሩ ግፊት ማይክ አለው። ጂኦፎኑን ቤቱ ውስጥ ወለል ላይ ወይ ሶሌታ ላይ አታስቀምጡት፣ ከመሠረቱ አጠገብ ፍንዳታው ባለበት በኩል ይሁን። አፈር ከሆነ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍራችሁ ሾሉን ወግታችሁ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ አፈሩን መልሳችሁ ጠቅጥቁት፣ ቀስቱ ወደ ፍንዳታው ይዙር። ድንጋይ ከሆነ በጀሶ ለጥፉት፣ ላዩ ላይ አሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ጣል አድርጉበት። ላላ ብሎ ከተቀመጠ ራሱ ይዘላል፣ የሌለ ቁጥር ያወጣል። የስልክ አፕ ለመተማመኛ አይሆንም።

ከእያንዳንዱ ፍንዳታ በኋላ ርቀቱን፣ ኪሎውንና የወጣውን ቁጥር መዝግቡ፣ 8 ወይ 10 ፍንዳታ ሲሆን የእናንተን ድንጋይ የራሱን ቁጥር ታገኛላችሁ፣ 1140ን ያኔ ትተዋላችሁ።

8. የፍንዳታው ቀን

ጠዋት ካርቶኑን አንብቡ። ከዛ ሶሌታ የተሸከመ ባህር ዛፍ ካለ አንድ በአንድ ዙሩት፣ ይሄን ሰው አያስበውም፣ ከሥሩ ያለው ሽብልቅ በመንቀጥቀጥ ይላቃል፣ ምሰሶው በአይን ሲታይ ቆሟል ግን ጭነት አልያዘም፣ የሱን ድርሻ ጎረቤቱ ተሸክሞታል። ሽብልቆቹን በሚስማር ምቷቸው። ሰው ሁሉ ከሶሌታው ሥር ይውጣ። ደመና ከከበደና መብረቅ ካለ ሥራው ይቁም።

9. ከፈነዳ በኋላ

ባለሙያው ጸድቷል ሳይል ማንም አይግባ። ከዛ መጀመሪያ ምሰሶዎቹን፣ ቀጥሎ አዲሱን አርማታ። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት፣ ጥሩ ከሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ከተላቀቀ ድፍን ያለ የባዶ ድምፅ ይሰጣል። የፌሮውን እግር ዙሪያውን እዩ፣ ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ክፍተት ካለ ውሃው ወዲያው ሰርጎ ይገባል። የጀሶ ማኅተሞቹን ቤት ለቤት ዞራችሁ እዩ።

ቁጥሩ ከልኩ 80 ከመቶ ከደረሰ በሚቀጥለው ኪሎው ይቀነሳል፣ ልኩን ካለፈ ምክንያቱ እስኪታወቅ ሥራው ይቆማል። ይሄን ከጅምሩ ውል ላይ አስገቡት፣ ኮንትራክተሩም ባለቤቱም ይፈርሙበት፣ ሳይት ላይ የማቆም ሥልጣኑ የማን እንደሆነ በስም ይጻፍ፣ እኔ ያለሁበት ሳይት ላይ ፎርማኑም ማቆም ይችላል።